አዲስ አበባ ፕላን አጥታ አታውቅም

የአዲስ አበባ መንገድ በተጨናነቀ ቁጥር፣ ክረምት ገብቶ ወንዞቿ በሞሉ ቁጥር፣ ትናንት የተነጠፈ አስፋልት ዛሬ ለውኃ ቧንቧ በተቆፈረ ቁጥር አንድ አባባል ከብዙዎቻችን አፍ አይጠፋም። «ከመጀመሪያውም ያለ ፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት» እንላለን። ቀጥሎም «ለመሆኑ ይህች ከተማ የረጅም ጊዜ ፕላን የሚኖራት መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚወጣ ነው። የቆመበት ግምት ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም መዘዝ አለው። ችግሩ የፕላን እጦት ነው ብለን ካመንን መፍትሔው ሌላ ፕላን ማሠራት ይሆናል፤ ይህንን ደግሞ ደጋግመን አድርገነዋል። አሁን በሥራ ላይ ያለውን መዋቅራዊ ፕላን ባለሙያዎች የከተማዋ አሥረኛ ፕላን አድርገው ይቆጥሩታል። እስከ 2019 ዓ.ም. እንዲያገለግል የተዘጋጀ በመሆኑ የአሥራ አንደኛው ተራ ደርሷል። ብዕርና ካርታ ከመነሣቱ በፊት የቀደሙት የት ደረሱ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ፕላኖቻችን የከሸፉት እጅግ ብዙ ነገር ለመወሰን ሲሞክሩ ለዋና ዋናዎቹ ጥቂት ነገሮች ጠባቂ ሳያበጁ ስለቀሩ ነው። መጪው ፕላን ከቀደሙት ያነሰ መሣል፣ የሣለውን ግን ማንም ሹም ሆነ ማንም ባለሀብት በቀላሉ እንዳይነካው አድርጎ ማሰር አለበት። ከሁሉ አስቀድሞም ከተማዋ በምትጠጣው ውኃና በምትጥለው ቆሻሻ ከተሳሰረቻቸው ጎረቤቶቿ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊሠራ ይገባል።

ከወረቀት ወደ መሬት የወረደው

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃ አጠገብ ቤት ካሠሩ ወዲህ ከተማዋ ያደገችው በሰፈር ነው። የመኳንንቱ ግቢ ኮረብታው ላይ፣ ወታደሩና አገልጋዩ ከሥሩ፣ በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ሜዳ። የራስ መኮንን፣ የደጃች ውቤ፣ የሠራተኛ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው የዚያ አሰፋፈር ቅሪቶች ናቸው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ይህን ሁሉ አፍርሶ እንደገና ለመጀመር አሰበ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ሌ ኮርቢዚዬ ከተማዋን በዓይኑ ሳያይ ንድፍ ሣለላት፤ የተመረጠው ግን የጣሊያኖቹ የጉዊዲና የቫሌ ሥራ ነበር። ነጩንና ጥቁሩን ለያይቶ ለማስፈር የታለመው ያ ፕላን ወራሪው ሲባረር አብሮ ቀረ። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ መዛወሩና የመርካቶ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ግን ዛሬም አሉ።

ከነፃነት በኋላ የለንደንን ፕላን ያዘጋጁት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ተጠርተው መጡ። ቀለበት መንገዶችን፣ ራሳቸውን የቻሉ መንደሮችን፣ በዙሪያ የሚቋቋሙ ትንንሽ ከተሞችን ያለመ ሥራ አስረክበው ሄዱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ የሚወርደውን ሰፊውን ቸርችል ጎዳና የከተማዋ አከርካሪ አደረገው። በደርግ ጊዜ የሃንጋሪ ባለሙያ መጣ። ከዚያም ኢትዮጵያውያንና ጣሊያኖች አብረው የሠሩት ማስተር ፕላን በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ተጠናቀቀ፤ የጸደቀው ግን በ1986 ዓ.ም. ነው፤ ያዘጋጀው መንግሥት ወድቆ፣ የኢኮኖሚው ሥርዓት ተለውጦ፣ ያሰላው የሕዝብ ብዛት አልፎ። በ1990ዎቹ ውስጥ ሌላ ክለሳ ተደረገ፤ ከዚያ አሁን ያለንበት ተከተለ።

የእነዚህን ሁሉ ዕጣ አንድ ላይ ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ከእያንዳንዱ ፕላን የተረፈው የመንገድ መስመር ነው። የመርካቶ ጎዳናዎች ተረፉ፤ ቸርችል ጎዳና ተረፈ። ቀለበት መንገድ ከአበርክሮምቢ ዘመን ጀምሮ በወረቀት ሲንከባለል ኖሮ በ1990ዎቹ አስፋልት ለበሰ። «እዚህ መኖሪያ፣ እዚያ ፋብሪካ፣ በዚህ በኩል ደን» ተብሎ በቀለም የተለየው፣ በሄክታር ስንት ሰው ይስፈር ተብሎ የተሰላው፣ ከተማዋ እዚህ ላይ ታቁም ተብሎ የተከለለው ግን አብዛኛው አልሆነም። ሰው መሬት ላይ የተሰመረን መንገድ ያከብራል፤ በመንገዱ ዳር ይሠራል፣ ይነግዳል፣ ይወርሳል። በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ያለን አረንጓዴ ቀለም ግን የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ ነው።

ከፕላኖቹ ሁሉ ይልቅ የከተማዋን መልክ የወሰነው ደግሞ ፕላን ያልሆነ ሰነድ ነው። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። ድሀው በመሀል ከተማ ጥላ አገኘ፤ ይህን ጥቅም ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ፣ ተከራዩም ባለቤት ያልሆነበት ቤት ለሃምሳ ዓመት ሲያረጅ ኖረ። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ ሲመጣ ያ ያረጀ ሰፈር የተቀመጠበት መሬት የማዘጋጃ ቤቱ ትልቁ ሀብት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፕላኑን የሚጠብቀውና መሬቱን የሚሸጠው እጅ አንድ ነው። ቦታው ሲወደድ ፕላኑ ይሻሻላል። ይህ የማንም ሹም ክፋት ብቻ የወለደው ነገር ሆኖ አይታየኝም፤ ገቢውን ከመሬት ጨረታ የሚጠብቅ ከተማ ሁሉ የሚገጥመው ፈተና ነው። ፈተናውን ሳንፈታ ግን የቱንም ያህል ያማረ ካርታ ብናሠራ ዕጣው ያው ይሆናል።

በወሰኑ ላይ የማይቆም ከተማ

አዲስ አበባ ውኃ የምትጠጣባቸው ግድቦች፣ ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ፣ ሦስቱም ከከተማዋ ወሰን ውጪ፣ በኦሮሚያ መሬት ላይ ናቸው። የአቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ከታች ያለው ገበሬ ያንን ውኃ ለከብቱና ለአትክልቱ ይጠቀምበታል። የፕላኑ ካርታ ግን ወሰኑ ላይ ሲደርስ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ከመስመሩ ወዲያ ሰው እንደሌለ ሁሉ።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ያየነው በቆሼ ነው። ቆሼ የሚባለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያገለገለ፣ ከሞላ ብዙ ዘመን የሆነው ክምር ነበር። ምትኩ ሰንዳፋ ላይ ተሠራ። ዘመናዊ ተብሎ፣ የውጭ ገንዘብ ፈስሶበት በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና የውኃቸውን መበከል ምክንያት አድርገው ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ተዘጋ፤ የከተማዋ ቆሻሻም ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተናደበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በፊት ለሰንዳፋ ገበሬ «መሬትህን ለምን እንደምንፈልገው፣ ምን እንደምታገኝበት፣ ውኃህን እንዴት እንደምንጠብቅልህ እንነጋገር» ብሎ በቁም ነገር የተቀመጠ ቢኖር ኖሮ ቆሻሻው ወደ ረጲ ባልተመለሰ ነበር። በከተማዋ የፕላን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከበደ ትምህርት አላውቅም።

ቀደም ብሎ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ፕላን ይህን ክፍተት እሞላለሁ ብሎ ነበር የተነሣው። ስለ እርሱ ዛሬም ሁለት ጽኑ ወገኖች አሉ። አንደኛው «ሳይንሱ ትክክል ነበር፣ ፖለቲካ አበላሸው» ይላል። ሌላኛው «ስሙ ፕላን ሆነ እንጂ ገበሬውን የማፈናቀል ዕቅድ ነበር» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ውኃ፣ ቆሻሻና ትራንስፖርት በወሰን እንደማይቆሙ መቀበሉ ትክክል ነበር። ነገር ግን ገበሬው ሰነዱን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። የሰማውም በልምዱ ተርጉሞ ነው። በጊዜው በሥራ ላይ በነበረው የካሳ ሕግ መሬቱ ለዘለቄታው የተወሰደበት ገበሬ የሚያገኘው የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። ያው መሬት በማግስቱ በካሬ ሜትር ለጨረታ ሲቀርብ ዋጋው የት እንደሚደርስ በዓይኑ አይቷል። ከአርሶ አደርነት ወደ ዘበኝነትና የቀን ሥራ የወረዱ ጎረቤቶቹንም ያውቃል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በተማሪዎች የተጀመረው ተቃውሞ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ሲቀጣጠል የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ዕቅዱም በዚያው ዓመት ጥር ወር ተሰረዘ። ስለዚህ «ሳይንሱ ትክክል ነበር» ለሚሉት ወገኖች የምመልሰው አለኝ። በመሬቱ ላይ ያለውን ሰው ያልቆጠረ ፕላን በሳይንሱም ጎዶሎ ነው፤ የሚተገበርበት ዋነኛ ሁኔታ ስምምነት ነውና።

መሰረዙ ግን ችግሩን አልሰረዘውም። በ2011 ዓ.ም. በወሰኑ አካባቢ የተሠራው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ያው ቁስል እንደገና ደማ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከተማ አስተዳደሩና ኦሮሚያ በወሰን ተስማሙ፤ በቀጣዩ ዓመት በዙሪያው ያሉት ከተሞች ተጣምረው ሸገር ከተማ ተመሠረተ። ዛሬ አዲስ አበባ በሌላ ትልቅ ከተማ ተከባለች። ሁለቱ ከተሞች አንድ የውኃ ተፋሰስ፣ አንድ የሥራ ገበያ፣ አንድ የታክሲ መስመር ይጋራሉ፤ ፕላናቸው ግን ለየብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በከተማዋ ላይ ያላት ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ፣ ዝርዝሩም በሕግ እንደሚወሰን ደንግጓል። በ2009 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀረ። ይህ ሕግ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በብሔር ክርክር ውስጥ ነው። እኔ ግን ከምንም በላይ የፕላን ሕግ አድርጌ አየዋለሁ፤ እርሱ ከሌለ የውኃ ጉድጓድም ሆነ የቆሻሻ መጣያ ቦታ በስምምነት የሚገኝበት መንገድ የለም።

«ፕላኑ ይቆየን፣ ሥራው ይቅደም»

አሁን ከሁሉ የበረታው ተቃራኒ ሐሳብ የሚመጣው ከሥራ ሰዎች ነው። «ለዘጠና ዓመት ፕላን ሲታቀድ ኖረ፤ ከተማዋ የተለወጠችው ግን ቆራጥ አመራር ሲመጣ ነው» ይላሉ። ማስረጃቸው በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ነው። ያስገኘውን አልክድም። እግረኛ በሰላም የሚራመድበት ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመብራት ገመድ የተቀበረበት ጎዳና፣ የሌሊት ብርሃን አዲስ አበባ ለዘመናት የተነፈገቻቸው ናቸው። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው ከመኪና ጋር ሳይጋፉ የሚያልፉበት መንገድ ማግኘታቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም የተከፈለውን ዋጋ ከሒሳቡ ማውጣት ሐቀኝነት አይሆንም። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ የካዛንቺስ ነዋሪ ተነሣ። የልማት ተነሺው ምትክ ቤት ቢሰጠው እንኳ በእግሩ የሚደርስበትን ሥራ፣ ዕድሩን፣ ዱቤ የሚሰጠውን ሱቅ፣ የልጁን ትምህርት ቤት ትቶ ነው የሄደው። ለሻይ ሻጯና ለልብስ አጣቢዋ መሀል ከተማ መኖር ማለት ደንበኛ ማለት ነው፤ ከከተማው ዳር ያለ ንጹሕ ክፍል ያንን አይተካም። የጀሞ፣ የየካ አባዶና የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ይህን ከቀደመው የኮንዶሚኒየም ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቤት አገኘ፣ ሥራው ግን መርካቶና ሜክሲኮ ቀረ፣ ዕድሜው በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። በትእዛዝ ፍጥነት የሚሠራ ሥራ ሌላም አደጋ አለው። በትእዛዝ የተሠራ በሌላ ትእዛዝ ይፈርሳል። ቀጣዩ ሹም ሌላ ራእይ ይዞ ሲመጣ የዛሬውን የሚጠብቅ ሕግ የትኛው ነው? ከዚህም በላይ ጎዳና ለማስፋት ይህን ያህል ቤት ማፍረስ ያስፈለገው የመንገዱ ወሰን ቀደም ሲል በጊዜው ስላልተከበረ ነው። «ወሰን ማስከበር» የሚባለው ነገር የመንገድ ሥራ ሪፖርት ሁሉ የማያልፈው የመዘግየት ምክንያት የሆነው በዚሁ ነው። ባዶ ሜዳ ሳለ ቢታጠር በጥቂት ገንዘብ ያልቅ የነበረው ቤት ከተሠራበት በኋላ ካሳ፣ ምትክ ቦታና ዕንባ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ተቃራኒ ሐሳብ ከዚህ በግንባሩ የሚጋጭ ነው። ከተማዋ በራሷ ስታድግ ሀብታምና ድሀ በአንድ አጥር የሚዋሰኑባት ሆነች፤ ፕላን ይህን ያፈርሳልና ተዋት የሚል ነው። ስለ ጉርብትናው እስማማለሁ፤ አዲስ አበባን ከብዙ ከተሞች የሚለያት ጸጋ ነው። መተዉ ግን ድሀውን አይጠቅመውም። ፕላን በሌለበት የጨረቃ ቤት ሠርቶ የወንዝ ዳር የሚይዘው እርሱ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣም ግሬደር ሲመጣም ቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው።

ሦስተኛው የሙያ ሰዎች ሐሳብ ነው፤ ዝርዝር ፕላን ይውጣ፣ በጥብቅ ይከበር ይላሉ። ለሙያቸው አክብሮት አለኝ፤ በዝርዝሩ ላይ ግን አልከተላቸውም። የከተማዋ ሕዝብ በ1976ቱ ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን፣ በ1987ቱ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ በኋላ ቆጠራ አልተካሄደም። ዛሬ አንዱ ግምት ወደ 4 ሚሊዮን፣ ሌላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ይላል። በመካከሉ ያለው ልዩነት አንድ ትልቅ ከተማ ያህል ነው። ስንት ሰው እንዳለ ሳናውቅ በእያንዳንዱ ሰፈር ስንት ፎቅ፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት ክፍል እንደሚያስፈልግ ለአሥር ዓመት መወሰን የሚያኮራ ሥራ ሊሆን አይችልም።

ምን ይታሰር፣ ምን ይለቀቅ

ከአዲስ አበባ ውጪ የሚጠቅም አገርኛ ተሞክሮ አለ። ከ2005 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማና መቀሌ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ቀለል ያለ ዘዴ ሞክረዋል። ከተማው በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ሊሰፋበት የሚችለውን መሬት ለይተው፣ እስከ 30 ሜትር የሚሰፉ ዋና ዋና መንገዶችን በግምት በየአንድ ኪሎ ሜትሩ አሰመሩ፤ መንደሩ ሳይደርስ ወሰኑን መያዝ ነበር ዓላማቸው። በመንገዶቹ መካከል የሚሆነውን ሁሉ ቀድመው አልወሰኑም። ዘዴው ያለ እንከን አይደለም፤ የገበሬው ካሳ ጥያቄ እዚያም አለ። ነገር ግን ከተማ ከታሪኩ የሚያተርፈው የመንገድ መስመር መሆኑን ተረድቶ የተነሣ ነው።

መጪው የአዲስ አበባ ፕላንም አራት ነገሮችን ይሰር እላለሁ፦ የዋና መንገዶችን ወሰን፣ የወንዝ ዳርቻዎችን፣ የውኃ መገኛዎችንና የፍሳሽና የደረቅ ቆሻሻ ማረፊያዎችን። እነዚህ በካርታ ላይ ብቻ ሳይቀሩ መሬት ላይ በድንጋይ ምልክት ይለዩ፤ ለመለወጥም የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ግልጽ የሕዝብ ውይይት ይጠየቅ። ወንዞቹና ውኃው የጋራ ስለሆኑ የአቃቂን ተፋሰስ አዲስ አበባና ሸገር እኩል ድምፅ ይዘው የሚመሩት፣ የራሱ በጀት ያለው አካል በሕግ ይቋቋም። ለውኃና ለቆሻሻ መሬቱን የሚሰጠው ማኅበረሰብ ከአንድ ጊዜ ካሳ ባሻገር ከአገልግሎቱ ገቢ በየዓመቱ ድርሻ ይኑረው። የቀረው፣ የፎቁ ቁመትም ሆነ የሱቁና የመኖሪያው ስብጥር፣ በየወረዳው በሚወጣ የአካባቢ ልማት ፕላን ነዋሪው ባለበት ይወሰን፤ በጥቂት ዓመታት እየታየም ይታደስ።

«እንዲህ ያለ ስምምነት ጊዜ ይፈጃል» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ይፈጃል። የ1978ቱ ማስተር ፕላን ለመጽደቅ ስምንት ዓመት ፈጅቷል፤ የ2006ቱ ተሰርዟል፤ የሰንዳፋው መጣያ የተዘጋው በተከፈተበት ዓመት ነው። ያለ ስምምነት የሄድንበት መንገድ አንድም ጊዜ አላተረፈልንም። የከተማ ፕላን አዋጁ ቁጥር 574/2000 የሕዝብ ተሳትፎን ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ስለዚህ አዲስ ሕግ ሳይጠበቅ ዛሬ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። ረቂቁ ገና ሐሳብ ሳለ በአማርኛም በኦሮምኛም ታትሞ በየወረዳውና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ይለጠፍ። የካዛንቺስ ተነሺ፣ የየካ አባዶ ነዋሪና የሰንዳፋ ገበሬ በአዳራሹ ፊት ረድፍ ይቀመጡ፤ የተናገሩትም በቃለ ጉባኤ ተይዞ የትኛው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው እንዳላገኘና ለምን እንደሆነ ከፕላኑ ጋር አብሮ ይጽደቅ።